ሶኬት ነቃዩ ጌታሁን

ሶኬት ነቃይ የሚባል የሰው ዓይነት ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ አረብ አገር፣ ኸይጣን በሚባለው ሰፈር አብሮኝ የሚኖረው ሾፌሩ ጌታሁን አንዱ ነው። ለእሱ የዘገየ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ከግድግዳው መነቀል አለበት።

ባለፈው ሟች እናቴ እህቴን በሰርጓ ቀን ስትመርቅ የተቀረጸችበትን ቪዲዮ ወደ ኮምፒውተሬ እንደገለበጥኩ አሮጌው ስልኬ ጠፋ፤ አልበራም አለ። ቪዲዮው የቀረኝ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩም ፈዘዘ። ሪስታርት ባደርገው ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ምልክት መዞር ብቻ ሆነ። ጌታሁን ወደ ግድግዳው ሲንደረደር ቀድሜ ጀርባዬን ሶኬቱ ላይ ለጠፍኩ።

«ደርቋል እኮ፣ ልንቀለው» አለኝ።

«አልደረቀም። ከርነል የሚባለው የሲስተሙ እምብርት መጀመሪያ ፕሮግራሞቹን ይዘጋል፤ ገና ያልተጻፈውን፣ የእናቴንም ቪዲዮ፣ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ፕሮሰሰሩን እንደ አዲስ ተነሳ የሚለው በመጨረሻ ነው።»

«ፕሮሰሰሩ እምቢ ካለውስ?»

«በሌላ መንገድ ያዘዋል። አንተ ግን አትነካውም።»

በትከሻው ገፋኝ፤ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። አሠሪዬ ፊት እንኳ እንዲህ ቆሜ አላውቅም። ንቅንቅ አላልኩም።

ስክሪኑ ጠቆረ፤ ቆይቶ በራ። ቪዲዮውን ስከፍተው እናቴ እጇን ዘርግታ መመረቅ ጀመረች። ጌታሁን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ «ድምፁን ጨምረው» አለኝ።