በሠላሳ አራት ዓመቴ ቲቪ ላይ የጣልኩት እርጥብ ፎጣ

ወገን፣ የዛሬውን ጉዴን ልነግራችሁ ነው። ሳቁ፣ ግን ሼር እንዳታደርጉብኝ! መካነ ሰላም ጠባብ ናት፤ ተማሪዎቼም እዚሁ ናቸው።

ታናሽ እህቴ ዘሃራ ከጅዳ መጣች። ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ ከአልጋ ሥር የልጅነታችንን የካሴት ጌም ጎትታ አወጣች።

ካሴቱን እፍ እፍ አልንበት። በዚያ ጀርባው ባበጠ አሮጌ ቲቪ ላይ ሠራ! ወላሂ ሠራ! እንባዬ መጣ፤ አልዋሻችሁም።

ከዚያ ኳስ ጌም ገጠምን። የተሸነፈ አሸናፊውን ዕድሜ ልኩን «አንቱ» ሊል! (ውርርድ ሐራም ነው፤ እናንተ ቃል ኪዳን በሉት።)

ሦስት ለሁለት እየመራሁ ነው። አንድ ደቂቃ ቀረ።

ከግቢ በር የአባታችን ሳል ተሰማ።

አባቴ የሰፈሩን ልጆች ቁርዓን የሚያስቀሩ፣ ማለትም የሚያስተምሩ፣ ሰው ናቸው። ድሮ «ጌም ቲቪ ያቃጥላል» ብለው ከልክለውን ነበር። ከመስጊድ ሲመለሱ መጀመሪያ የቲቪውን ጀርባ ይዳስሳሉ። እኛም ሳላቸውን ስንሰማ አጥፍተን፣ እንዲቀዘቅዝ እርጥብ ፎጣ ጣል እናደርግበታለን። ግን ሁሌም እንያዝ ነበር። እንዴት እንደሚያውቁብን አላህ ይወቅ!

ታዲያ ዛሬ እኔ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ የፊዚክስ መምህሩ፣ ምን ባደርግ ጥሩ ነው?

ጌሙን ድርግም! ፎጣውን ለአባቴ ሶላት መታጠቢያ በተቀመጠው የውዱእ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቲቪው ላይ! ከዚያ ግድግዳ ተደግፌ የተኛሁ መሰልኩ።

እጄ ነው ያደረገው፤ እኔ የለሁበትም!

ዘሃራ ጮኸች፦ «ያጠፋ ፎርፌ ነው! በል፣ አንቱ በለኝ!»

አባቴ ገቡ። እኔን አዩ፤ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ፎጣ አዩ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ እየሳቁ፣ «ያኔም እኮ እዳስስ የነበረው ሙቀቱን አልነበረም። እርጥበቱን ነው።»

ለካ ያን ሁሉ ዓመት ያስያዘን ፎጣው ኖሯል!

ይባስ ብለው አጠገባችን ቁጭ አሉና «እስቲ አብሩት፤ እኔም ልሞክረው» አሉ። አባቴ! ጌም!

ቲቪው አልበራ አለ። ውሃ ገብቶበታል።

«ጌም ቲቪ ያቃጥላል» ያሉት ይኸው ደረሰ፤ ያውም በእኔ እጅ፣ ያውም ሊጫወቱ በተቀመጡበት ቀን።

ይህን ስጽፍ ዘሃራ «ውሃ!» እያለችኝ ነው። «እንኩ፣ ይጠጡ» ብዬ ሰጠኋት።

እናንተዬ፣ ሳል ሲሰማ የሚደነግጥ እጅ የት ነው የሚታከመው?