ከሦስት አገር የተወለደው ጠመንጃ

ሠርግ የሚያበላሹት ሙሽሮች አይደሉም። ምግቡም አይደለም፤ ሙዚቃውም አይደለም። ሠርግ የሚያበላሸው አጎት ነው! አጎት የሆናችሁ አንባቢዎቼ ካላችሁ አትቀየሙኝ… ወይም ተቀየሙኝ፤ መቀየም የአጎት ሙያ አይደል?

ልጄ ሰብለ ሉካ የሚባል የሮማ ልጅ ልታገባ ነው። አባቷ ካረፈ ቆይቷል። በእኛ በኩል ብድግ ብሎ «ይቺ ልጅ ወገን አላት!» የሚል ወንድ ቢፈለግ ያለኝ አንድ ታላቅ ወንድም ብቻ ነው፤ ጋሼ ደምሴ። ቪዛው በስንት ልመና ወጣላቸውና ከደብረ ማርቆስ መጥተው ሮማ፣ ቲቡርቲና ሰፈር አጠገብ ካለችው ጠባብ ቤቴ አረፉ። ጋሼ በአገራቸው በፉከራ የታወቁ ናቸው። እሳቸው ያልፎከሩበት ሠርግ፣ ሠርግ መሆኑ ራሱ ያከራክራል ይባላል። ሰብለ ደግሞ ሮማ ተወልዳ ሮማ ያደገች ብትሆንም የአጎቷን ፉከራ በስልክ ቪዲዮ እያየች ነው ያደገችው። «ማማ፣ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፤ ዚዮ ይፎክርልኝ» ብላ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ አንድ ነገር ለመነችኝ። እናት ነኝና አንድ ነገር ስለመን እሺ እላለሁ።

«ጋሼ፣ ለሰብለ ይፎክሩላታል አይደል?» አልኳቸው፣ ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ።

«በምን?»

«በአፍዎ ነዋ!»

«ባዶ እጄን?» አሉና ከእግር እስከ ራሴ ገላመጡኝ። «ጣሊያን አገር ስትኖሪ ወግ ማዕረጉ ሁሉ ጠፋሽ? ጠመንጃ አምጡልኝ። ካልሆነ ቁጭ ብዬ እበላለሁ።»

ሮማ ውስጥ ጠመንጃ! እስቲ ፍረዱኝ… እኔ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለት ነው፣ ላሳድስ ኩዌስቱራ ፖሊስ ጣቢያ በር ስደርስ እንኳ፣ ወረቀቴ ሁሉ ተሟልቶ፣ ሦስቴ የማማትብ ሴት ነኝ። ጠመንጃ ከየት አባቴ ላምጣ? ኤስኲሊኖ ገበያ ሄጄ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩና ያገኘሁትን ትልቁን ገዛሁ። አረንጓዴ ነው። ጋሼ ተቀብለው አገላበጡት፤ አንድ ቦታ ሲጫኑት ጉንጫቸው ላይ ውሃ ረጨባቸው። ሻጩ ሲሞክረው ውስጡ ውሃ ቀርቶበት ነው። ያን ቀን እራታቸውን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በሉ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ጠመንጃ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ጋሼ ሉካን አልጠሉትም፤ አልወደዱትምም። ገና በመጡ በማግስቱ ሰባት ቤቱን ሊቆጥሩ ቁጭ አድርገውት ነበር። አባት፣ እሺ። አያት፣ እሺ። ቅድመ አያቱ ላይ ሲደርሱ ልጁ ትከሻውን ነቅንቆ «ፍሮዚኖኔ ከሚባል ከተማ መጣ መሰለኝ» አለ፤ በቃ፣ ዘሩ እዚያው ፍሮዚኖኔ ላይ ቆመ። «ሦስት ቤት መቁጠር ያቃተው ሰው ቤት ሊይዝ ነው?» አሉኝ በአማርኛ። ሉካ ምን እንዳሉ ሲጠይቀኝ «ጎበዝ ልጅ ነው አሉ» አልኩት። ምን ላድርግ? ጋሼ ያልፎከሩ እንደሆነ ዘመዱ ሁሉ «ዝም ብለው ሰጧት» ነው የሚለው። ይሄ ነበር እንቅልፍ የነሳኝ።

ደግነቱ ሉካ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ በራ። ልጁ እሑድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ጫካ ገብቶ ሶፍት ኤር የሚሉትን ጨዋታ ይጫወታል። እውነተኛ በሚመስል የመጫወቻ ጠመንጃ እርስ በርስ ትንንሽ የፕላስቲክ ኳስ መተኳኮስ ነው። ደመወዝ የሚበሉ፣ ጢም ያወጡ ሰዎች! ከቤቱ አንዱን በቦርሳ ይዞ መጣ። ጋሼ ጥቁሩን ጠመንጃ ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለውን ቀይ ነገር ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«አፉን ምን ቀብታችሁት ነው?»

«ሕግ ነው ጋሼ፣ መጫወቻ መሆኑ እንዲታወቅ» አልኳቸው።

«ከንፈሩን የተቀባ ጠመንጃ ይዤ ልፎክር? ሰደፉስ? ፕላስቲክ! የእንጨት ሰደፍ የሌለው ጠመንጃ ጃንጥላ ነው።»

ይሄን ተረጎምኩለት። (ጃንጥላውን ትቼ።) ሉካ አገጩን አሸት አሸት አደረገና «አሎራ… እንግዲህ ቀዩን በጨርቅ እንሸፍነዋለን። ባለ እንጨቱን ደግሞ እኔ ራሴ ቤት ውስጥ እሠራዋለሁ» አለ። ተሠርቶ ያለቀለት ይሸጣል እኮ! ሰብለም ነገረችው። ግን ወንድ ልጅ «እኔ እሠራዋለሁ» ካለ በኋላ የተሠራ ዕቃ ቢሰጡት እንደ ስድብ ነው የሚቆጥረው፤ ባል ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ዕቃው መምጣት ጀመረ። የመሐል አካሉ ከታይዋን መጣ፤ ሴሚ አውቶማቲክ ነው፣ ምላጩን አንዴ ስትስቡት አንዴ ብቻ ይተኩሳል ተባልኩ። የእንጨት ሰደፉ ከጃፓን መጣ፤ መቼም ያምራል፣ ውሸት አልናገርም። የጥይት ካዝናውን ግን አንድ የኦስቲያ ሰው በኢንተርኔት ሸጠለት፤ የት እንደተሠራ ሻጩ ራሱ አያውቅም። የልጁ ቤት ከእኔም የባሰ ጠባብ ነው ተባለና የእኔ የምግብ ጠረጴዛ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሆነ።

እና አልገጥም አለ! ሰደፉ ከአካሉ ጋር የሚታሰርበት ቀዳዳ ፀጉር ታህል ወደ ኋላ ቀርቷል። ሉካ ረጅም ብሎን አስገብቶ አጠበቀው፤ ሰደፉ ቀጥ አለ፣ ምላጩ ግን ሙጭጭ አለ። ለካ የብሎኑ ጫፍ ውስጥ ገብቶ የምላጩን መንገድ ዘግቶታል። ብሎኑን አሳጠረው። ምላጩ ለቀቀ፤ ሰደፉ እንደ ሕፃን ጥርስ ይነቃነቅ ጀመር። ፓኔቶኔ ከሚሉት የገና ኬክ ካርቶን ቆርጦ ሸጎጠበት። ሰደፉ ቆመ፤ አሁን ደግሞ ጠመንጃው ቀና ባለ ቁጥር ካዝናው ዱብ ይላል። አንዱን ስታስታርቁ ሌላው ያኮርፋል። የዘመድ ጉባኤ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ።

ጋሼ ሁለት ቅዳሜ ከሶፋው ላይ ሆነው በትዝብት ካዩ በኋላ አላስቻላቸውም፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠረጴዛው ጋ ቀረቡ።

«ቆይ፣ ቆይ። ሰደፉ የማን ነው?»

«የጃፓን» አልኩ ሉካን ጠይቄ።

«አካሉስ?»

«የታይዋን።»

«ካዝናው?»

ሉካ ሲያመነታ እኔ ቀደምኩት፤ «አይታወቅም ጋሼ። ከኢንተርኔት ነው።»

«አባቱ የማይታወቅ!» ብለው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ታዲያ መጀመሪያ እሱን ጠይቁት እንጂ ያልበደለ ሰደፍ ለምን ትሞርዳላችሁ?»

ይሄን ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ ለካ ሙያ ሆኖ ተገኘ። ሉካ ካዝናውን አንስቶ ብርሃን ላይ አየው፤ መያዣው ጥርስ በእርግጥም ከሚገባበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሏል። «ብራቮ ዚዮ!» ብሎ ጮኸና ጋሼን ትከሻቸው ላይ መታቸው። ትከሻቸው ላይ! ቆሌዬ ተገፈፈ። ጋሼ ግን እጃቸውን ዘርግተው ሞረዱን ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ የእኔ ትርጉም አላስፈለጋቸውም። «ያዝ!»፣ «ፒያኖ!» (ቀስ!)፣ «ወዲህ!»፣ «ኤኮ!» (ይኸው!) እየተባባሉ ዋሉ።

ካዝናው ጠቅ ብሎ የገባ ዕለት ሉካ ሁላችንንም የዓይን መከላከያ አስደረገን። ለጋሼ የሚሆን ስላልነበረ የሰብለን የመዋኛ መነጽር አጠለቁ፤ ሮዝ ነው። ጋሼ በጋቢና በሮዝ መነጽር ቆመው፣ ሰደፉን ትከሻቸው ላይ ደግፈው፣ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ካርቶን አነጣጠሩ። ምላጩን አንዴ ሳቡ።

ጠጠጠጠጠጠጠ!… አላቆም አለ። ጋሼ ወደ ሉካ ዞሩ፤ ጠመንጃውም አብሯቸው ዞረ። ሉካ ጠረጴዛ ስር ገባ፤ እኔ መጋረጃ ውስጥ ተጠቀለልኩ። የቬትሪናዬ መስታወት ተንኮታኩቶ ወረደ፤ እዚያ ውስጥ ያሉት ለክብር እንግዳ ብቻ የማወጣቸው ብርጭቆዎች አንድ በአንድ ተረሸኑ። ካዝናው ባዶ ሲሆን ጸጥ አለ።

«ሉካ» አልኩ ከመጋረጃው ውስጥ፣ «ሴሚ ማለት ግማሽ አይደለም እንዴ?»

«አዎ…»

«ሙሉውን ተኮሰው እኮ!»

ተቆጣሁ። ብርጭቆዎቼ ናቸው፤ ለምን አልቆጣ! መጥረጊያ ላመጣ ወጥቼ ስመለስ ግን ሁለቱ መሬት ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። ጋሼ ሮዙን መነጽር አላወለቁም። ወንድሜ እንዲህ ሲስቁ ካየሁ ስንት ዘመኔ ነው… ንዴቴ በረደና ስብርባሪውን ዝም ብዬ ጠረግሁ።

ጠመንጃው ያለቀው ሠርጉ ሊደርስ ሲል ነው። ኳስ የለውም፤ ምላጩ ይሳባል፣ ሰደፉ ያብረቀርቃል፣ ካዝናው ይይዛል። ሉካ ሙሽራ እንደሚያስረክብ አባት በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ጋሼም ሊሞክሩት ተነሱ፤ «ዘራፍ!» ብለው አንዴ ብድግ ከማለታቸው ካዝናው ሶፋው ስር ገባ።

«ይዘላል እንዴ?» አለ ሉካ። ለካስ ፉከራ ዝላይ እንዳለው የነገረው የለም! ጠመንጃውን ይዘው ግጥም የሚያነቡለት መስሎት ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲታገል ዋለና በመጨረሻ ላቡን ጠርጎ «ዚዮ ካልዘለለ ይይዛል» አለ።

«ሳልዘል?» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነው፤ ይሄ ከቁጣ ይብሳል። «እሺ። አስተናጋጆቹ ጥሩ ምግብ ያቅርቡ። እኔ ቁጭ ብዬ እበላለሁ።»

እንዳሉትም አደረጉ! የሠርጉ ቀን አዳራሹ ሞልቷል፤ በአንድ ወገን የእኛ ሰው ነጭ በነጭ፣ በሌላው ወገን የሉካ ዘመዶች ከእናቱ ከሲኞራ ካርላ ጋር። ኪቦርድ ተጫዋቹ የፉከራውን ዜማ ጀመረ። ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ሥጋቸውን ይቆርጣሉ። ዜማው ዞሮ መጣ፤ ጋሼ ውሃ ጠጡ። ሰብለ ከመድረኩ ላይ አየችኝ፤ ቬሏን ወደ ፊቷ ጎተተች። ያኔ ሟቹን ባሌን ፈለግሁት። እሱ ቢኖር በማንኪያም ይፎክርላት ነበር።

ሉካ ከጎኗ ተነሳ። ከወንበሩ ኋላ ያን ጠመንጃ አወጣ፤ ለካስ «ዚዮ ሐሳቡን ቢለውጥ» ብሎ ይዞት መጥቷል። በሙሽራ ሱፉ፣ በከረባቱ፣ መሐል ሜዳ ገባና «ዘራፍ!» አለ።

አሁን ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። «ዘራፍ!» ደገመ። የሚቀጥለውን አያውቅም፤ ከጋሼ የሰማው ይቺን ብቻ ነዋ! ግራ ሲገባው ዘለለ። ከነጉልበቱ ዘለለ፤ ኧረ አያድርስ! ካዝናው በረረና ከሲኞራ ካርላ ወንበር ስር ገባ። አፈሙዙ ተነቅሎ ተንከባለለ። አካሉ ከሰደፉ ተላቆ መሬት ሲመታ የፓኔቶኔው ካርቶን እንደ ቅጠል ተንሳፎ ወረደ። ሉካ ሰደፉን ብቻ ይዞ፣ ከአንገቱ እስከ ፀጉሩ ቀልቶ ቆመ። የሳቀ አልነበረም። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ።

የወንበር ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ተነስተዋል። አፋቸውን በናፕኪን ጠረጉና ቀስ ብለው ወደ ልጁ ሄዱ፤ በጥፊ የሚሉት መሰለኝ። እጃቸውን ዘረጉ።

«ወዲህ በል።»

ሰደፉን ሰጣቸው። ከዚያ የወደቀውን ሊለቅም ጎንበስ ሲል «ተወው!» አሉት። ያለ አስተርጓሚ ገባው።

ጋሼ ጋቢያቸውን ጣሉ።

«ዘራፍ! ዘራፍ! የሰብለ አጎት!
ጠመንጃው ቢፈርስ፣ ባለቤቱ መች ፈረሰ!
ሉካን የነካ ሁሉ ሰደፌን ቀመሰ!
ዘራፍ! የሉካ አጎት!»

ዘለሉ! በዚያ ዕድሜያቸው ጣሪያውን ሊነኩት ምንም አልቀራቸውም። እልልታው ቀለጠ፤ ሰብለ ቬሏን ረግጣ እየሮጠች መጣች፤ ጋሼ አንድ እጃቸውን ሉካ ትከሻ ላይ ጥለው በሌላው ሰደፉን ወደ ፈረንጆቹ ጠረጴዛ እየነቀነቁ ያጓራሉ። እኔ አለቅስ ነበር፤ አልደብቃችሁም።

ሲኞራ ካርላ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ንገሪኝ፣ መረቀን ነው ወይስ ጦርነት አወጀብን?»

«ሁለቱንም ነው፣ ሲኞራ ካርላ» አልኳት እንባዬን እየጠረግሁ። «ዘመድ ሆናችሁ ማለት ነው።»