ሃድልስዊክን ከመውረድ የመታደግ ዐቢይ ኮሚቴ

የሰው ልጅ ታላቅነት የሚለካው የራሱን ጎረቤት ችግር ችላ ብሎ የሩቁን በመሸከም ከሆነ፣ አቶ ወርቅአገኘሁን የሚያህል ታላቅ ሰው በላስታ ተራሮች መካከል አልበቀለም። እኚህ ሰው ከላሊበላ ወደ ሙጃ በሚወስደው መንገድ በምትገኝ፣ ለክብሯ ስንል ስሟን በማንጠራት አንዲት ከተማ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ። የጽሕፈት ቤቱን ስም የምንተወው ደግሞ ለክብሩ ሳይሆን ርዝመቱ ወረቀት ስለሚጨርስብን ነው። በስድስት ዓመት አመራራቸው ሳይታቀድ የቀረ ሥራ የለም፤ ታቅዶ ሳይገመገም የቀረም የለም። ተገምግሞ የተሠራ ስለመኖሩ ግን መረጃው በመጠናቀር ላይ ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ኃይለኛ ነፋስ ከከተማዋ በላይ ያለውን የአምባውን ትምህርት ቤት ጣሪያ ገንጥሎ ገደል ከተተው። ሁለት መቶ ልጅ ሰማይ ሥር ቀረ። ለገና የመጣ ሚስተር ኮሊን የሚባል እንግሊዛዊ ጎብኚ በበቅሎ ሲያልፍ ይህን አይቶ አዘነ፤ አገሬ ስገባ ቆርቆሮ እልካለሁ ብሎም ሄደ። ሚያዝያ ሲጠባ ከእሱ ደብዳቤ መጣ። አቶ ወርቅአገኘሁም አስጎብኚውን ታፈረን አስጠርተው አስነበቡት።

ታፈረ አንብቦ ፈገግ አለ። «ሰላምታ ያቀርባል። የሚደግፈው የእግር ኳስ ክለብ፣ ሃድልስዊክ ታውን፣ ከሊጉ ሊወርድ ነው አሉ። ‹ካልወረድን ከደስታዬ ብዛት ቆርቆሮ ቀርቶ ቤተ መንግሥት እሠራላችኋለሁ፤ ከወረድን ግን አልጋ ውስጥ ገብቼ እስከ ክረምት አልወጣም› ይላል።»

አቶ ወርቅአገኘሁ ከወንበራቸው ተነሡ። «ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል ማለት ነው።»

«ኧረ ቀልድ ነው ጋሼ!»

«ፊርማ አለበት?»

«አለበት።»

«ፊርማ ያለበት ነገር ቀልድ አይሆንም። እኔ ስንት ዓመት ስፈርም አንድም ሰው ስቆ አያውቅም። ክለቡ አሁን በምን ደረጃ ላይ ይገኛል?»

ታፈረ ለጎብኚዎች በተሠራው ሆቴል ያለውን ብቸኛ ኮምፒዩተር አይቶ ተመለሰና አስረዳ። በእንግሊዝ ከላይ ሦስት ሊጎች አሉ፤ ሃድልስዊክ ያለው በአራተኛው ነው። ከሃያ አራት ክለቦች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይወርዳሉ። ሃድልስዊክ ሃያ ሦስተኛ ነው፤ ሦስት ጨዋታ ይቀረዋል፤ ጨዋታዎቹም ቅዳሜ ቅዳሜ ናቸው።

በማግስቱ ሃድልስዊክን ከመውረድ የመታደግ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። በሥሩም የመከላከል፣ የማጥቃትና የሕዝብ ንቅናቄ ንዑሳን ኮሚቴዎች ተዋቀሩ። ለሦስቱ ጨዋታዎች የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ ወጣ። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ባንቺዓለም የጨዋታውን መርሐ ግብር ጽፋ፣ ገቢ ደብዳቤ በሚቀመጥበት ሣጥን አናት ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገባ ደብዳቤ ሁሉ ከመርሐ ግብሩ ሥር እየተሸጎጠ ቀረ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሃድልስዊክ ሦስት ለባዶ ተሸነፈ። ሰኞ ጠዋት ግምገማ ተጠራ። ግብ ጠባቂው በአካል መገኘት ስላልቻለ በስሙ አንድ ባዶ ወንበር ከፊት ተቀመጠ። አቶ ወርቅአገኘሁ ወንበሩን ለረጅም ጊዜ ትክ ብለው አዩት።

«ሦስት ግብ ሲገባ የት ነበርክ?» አሉት። ወንበሩ ዝም አለ። «እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሂስ የመዋጥ ባህል የለውም።»

አጥቂውም አልቀረለትም። ታፈረ ስድስት ጊዜ ከጨዋታ ውጭ መያዙን ሪፖርት ሲያደርግ ኃላፊው ጠረጴዛውን መቱ። «ሌላው ሲለፋ እሱ ከፊት ቆሞ ያልደከመበትን ኳስ ይጠብቃል! ይህ ኪራይ ሰብሳቢነት ካልሆነ ምንድን ነው?» ቤቱ አጨበጨበ። አጥቂው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው፣ ማስጠንቀቂያው ወደ እንግሊዝ የሚላክበት መንገድም ወደፊት እንዲጠና በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ግምገማው ሳይበተን የአምባው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ይማርሽ ገባች። ከአምባው በእግሯ ወርዳ ነጠላዋ በበልግ ዝናብ ርሶ ነበር።

«የምፈልገው ማኅተም ብቻ ነው» አለች። «ከወሉ ደን ጥቂት ባሕር ዛፍ እንዲቆረጥ ይፈቀድልን። ገበሬው እንጨቱን ያቆማል፣ ሣሩን ያዋጣል። በአምስት ቀን ጣሪያ ይኖረናል።»

«በሣር?» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ፣ የተሰደቡ ያህል ተሰምቷቸው። «ከቆርቆሮ ወደ ሣር? መምህርት፣ ይህ እኮ መውረድ ነው! እኛ እዚህ ቀን ከሌት መውረድን እየታገልን አንቺ መውረድን ፈርሙልኝ ትያለሽ?»

«ልጆቹ ደብተራቸውን በሆዳቸው ሸፍነው ነው የሚማሩት፤ ሁለቱ በሳንባ ምች ተኝተዋል።»

«እናውቃለን። ለዚህም ነው ሌት ተቀን የምንሠራው። ሃድልስዊክ ከተረፈ ቤተ መንግሥት ነው የሚሠራላችሁ። ታገሺ።»

ይማርሽ ባዶውን ወንበር አየችው። «እዚህ ላይ ልቀመጥ?»

«ተይዟል» አሏት።

አቶ ወርቅአገኘሁ ሰማያዊውን ኃይልም አልዘነጉም። ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወደ አባ ወልደ ሩፋኤል ሄደው መስቀል ተሳለሙና ለሕዝብ ጉዳይ ምህላ እንዲያዝ ለመኑ።

«ምህላ ለድርቅ ነው፣ ለቸነፈር ነው። ምን መጣብን ልጄ?» አሉ አባ።

«የመውረድ አደጋ፣ አባታችን።»

«ከወዴት ወዴት?»

«ከአራተኛው ሊግ ወደ አምስተኛው።»

አባ በጣታቸው ቆጠሩ። «በላያቸው ሦስት አለ ማለት ነው?»

«አዎን፣ አባታችን።»

«ታዲያ እነዚህ ድሮ የወረዱ አይደሉም እንዴ? ይልቅ ያን ትምህርት ቤት እባካችሁ ክደኑት። ቆሎ ተማሪ እንኳ ከዝናብ የሚጠለልበት ጎጆ አለው።»

አቶ ወርቅአገኘሁ ሲመለሱ በማስታወሻቸው ላይ «የሃይማኖት አባቶች የግንዛቤ ክፍተት ይታይባቸዋል» ብለው ጻፉ።

ሁለተኛው ጨዋታ አንድ አቻ አለቀ። የበላያቸው ክለብ ተሸንፎ ስለነበር ተስፋው አልሞተም፤ የመጨረሻውን ካሸነፉ ይተርፋሉ። ኃላፊው ያን ሳምንት እህል አልቀመሱም ማለት ይቻላል። እውነት ለመናገር በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር ልባቸውን ይዞት አያውቅም ነበር። ስለ አንድ ጉዳይ ከልባቸው ሲጨነቁ የመጀመሪያቸው ነው፤ ጉዳዩ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ መገኘቱም ምቾት ሰጥቷቸዋል።

ቅዳሜ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ኮሚቴው በሙሉ ሆቴሉ ውስጥ ኮምፒዩተሩን ከበበ። ምስል የለም፤ በየአምስት ደቂቃው የሚለወጥ ቁጥር ብቻ ነው። ሃድልስዊክ አገባ። አቶ ወርቅአገኘሁ ታፈረን አቅፈው ሳሙት። ከዕረፍት በኋላ ተቆጠረባቸው፤ አንድ ለአንድ ሆነ። ውጭ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የሆቴሉን ቆርቆሮ ይደበድብ ጀመር።

«በዚህ ዝናብ እንዴት ይዞ ይሆን ግብ ጠባቂው?» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ በተሰበረ ድምፅ።

«እዚያ ፀሐይ ነው ጋሼ» አለ ታፈረ።

በመጨረሻው ደቂቃ ቁጥሩ ተለወጠ። ሁለት ለአንድ፤ ሃድልስዊክ ወረደ። አቶ ወርቅአገኘሁ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ባንቺዓለምም በቃለ ጉባኤው ላይ «ሽንፈቱ በውጫዊ ምክንያት የመጣ ነው» ብላ መዘገበች።

ረቡዕ ዕለት የቀበሌ ታጣቂ እየሮጠ መጣ። አምባው ላይ ያለ ፈቃድ ጣሪያ ተሠርቷል! ያ በረዶ አንድ ልጅ ግንባሩን ከፈነከተው በኋላ ይማርሽ የማንንም ማኅተም ሳትጠብቅ፣ አያ ፈንታው የሚባሉት ሽማግሌ ገበሬም መንደሩን አስተባብረው፣ በሦስት ቀን እንጨቱን አቁመው በሣር ከድነውት ኖሯል።

አቶ ወርቅአገኘሁ ሕግ ለማስከበር ታጣቂ አስከትለው አቀበቱን ወጡ። ግቢው ሲደርሱ ግን ሳያስቡት የዞን መኪና ቆሞ አገኙ። ለሞዴል ጽሕፈት ቤት ምርጫ የመጡ ሦስት ሰዎች ጣሪያውን አንጋጠው እያዩ ነበር።

«ድንቅ የሕዝብ ተሳትፎ ነው! ማን ነው ያስተባበረው?» አሉ አንደኛው።

አቶ ወርቅአገኘሁ ላባቸውን ጠረጉ። ለቅጽበት ይማርሽን አዩ፤ ለቅጽበት ታጣቂውን አዩ።

«ጽሕፈት ቤታችን አቅጣጫ አስቀምጦ ነው» አሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ደብዳቤ ወጣ። አንዱ አቶ ወርቅአገኘሁን ወደ ዞን ያሳደገ ነው። ሌላው፣ እሳቸው ከመሄዳቸው በፊት የፈረሙት የመጨረሻ ደብዳቤ፣ ይማርሽን የወል ደን ያለ ፈቃድ በማስቆረጥ ከርዕሰ መምህርነት ዝቅ አድርጎ፣ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ወደሚርቅ ትምህርት ቤት ያዛወረ ነው።

ይማርሽ ደብዳቤውን አጣጥፋ ባንቺዓለምን «እዚያስ ጣሪያ አለ?» ብላ ጠየቀች። የሚያውቅ አልነበረም።

ለርክክብ ሣጥኑ ሲጸዳ ከመርሐ ግብሩ ሥር ሦስት ያልተከፈቱ ደብዳቤዎች ተገኙ። ሁለቱ ከወልድያ መጋዘን ነበሩ፤ ከእንግሊዝ የተላከ አንድ መቶ ሃምሳ ቆርቆሮ ከመጋቢት ጀምሮ ተቀምጧል፣ ኑና ውሰዱ ይላሉ። ሦስተኛው ከሚስተር ኮሊን ነው። «ስለ ክለቡ የጻፍኩት ለሣቅ ነበር፤ ጣሪያው ደረሰ ወይ?» ይላል። አቶ ወርቅአገኘሁ ታፈረ ሲያነብላቸው ሰምተው «ለተተኪው ኃላፊ በዕቅድ ይያዝለት» አሉ።

በሽኝታቸው ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ጽናት ተናገሩ። ጥያቄ ያለው ሲባል አያ ፈንታው ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ጥያቄዬ አጭር ናት። የእንግሊዞቹ ክለብ ሥራው ቢበላሽበት ወረደ አሉን። እርስዎ ሥራው ቢበላሽብዎ ወጡ። ሥራውን የሠራች ልጃችን ደግሞ ወረደች። እንግዲህ እኛ ያለንበት ሊግ ሠንጠረዡ የተሰቀለው ተዘቅዝቆ ነው?»

ከዞን የመጡት እንግዳ ሳል ያዛቸው። ባንቺዓለም ብዕሯን አንሥታ አዲሱን ኃላፊ አየች፣ አቶ ወርቅአገኘሁን አየች፤ ከዚያም በቃለ ጉባኤው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ኅብረተሰቡ በሹመቱ የተሰማውን ልባዊ ደስታ ገልጿል» ብላ ጻፈች።