የሐዲዱ መሻገሪያ ቆጠራ

ሰው ቁጠር ሲባል ስም የሚጽፍ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ። ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ የባቡር ጡረተኛ ናቸው። አቃቂ፣ ሐዲዱ አጠገብ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ሊሠራ ያሰበ ነጋዴ፣ መሻገሪያው ላይ ተቀምጠው በቀን ስንት ሰው እንደሚያልፍ እንዲመዘግቡለት ቀጠራቸው።

የታዘዙት ለአንድ አላፊ አንድ ጭረት ነበር። እሳቸው ግን ስም ጻፉ። «ሰው እንዴት ጭረት ይሆናል?» አሉኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ መዝገቡን ቢያዩት ሽንኩርት ሻጯ እትዬ ጥሩነሽ የሉበትም። እሳቸው ደግሞ በዚያ ሳያልፉ ውለው አያውቁም። ጋሽ ደምሴ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ሊጠይቋቸው ተነሱ። መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ «እትዬ ጥሩነሽ ምን ሆኑ?» እያለ ተከተላቸው። ለካ ጉንፋን ጥሏቸው ኖሯል።

በማግስቱ ነጋዴው መዝገቡን ገለጠ። ጠዋቱ በስም ተሞልቷል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ግን «ማንም አላለፈም» ይላል። ቦታው ገበያ የለውም ብሎ ሕንፃውን ወደ ሳሪስ ወሰደው።

ጋሽ ደምሴ ግን አልዋሹም። ሁላችንም እትዬ ጥሩነሽ አልጋ ዙሪያ ተጨናንቀን ስንውል በዓይናቸው አይተውናል።