በጉና ዳገት ስለወለቀችው የአየር ቱቦ ማያያዣ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4፡10
ቦታ፦ ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚያወጣው ዳገት ላይ፤ መጀመሪያ መኪና ውስጥ፣ ብርዱ ሲጠና ሞተሩን ከብቦ

የተገኙ
1. አቶ ይርዳው፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ሊቀ መንበር
2. ወ/ሮ ስርጉት፣ ከሰው ሀብት፣ አባል
3. ዶ/ር ትሕትና፣ የእንስሳት ሐኪም፣ አባል
4. ተስፋነህ፣ ጸሐፊ

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ አቶ ሞላ፣ ሹፌር
በፈቃድ የቀሩ፦ አቶ ቢያድግልኝ (ለወገባቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ናቸው)

ከአምስቱ የተሽከርካሪ ኮሚቴ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አራቱም የመጡት ለስብሰባ አልነበረም። የበግ ፈንጣጣ ክትባት ይዘው ወደ ላይኛው መንደር ሲወጡ መኪናው ጥቁር ጭስ ተፍቶ ስለቆመ ነው።

አጀንዳ 1፦ የወለቀችው ዕቃ ምንነት

አቶ ሞላ ኮፋኖውን ከፍተው፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው በዚህ ቱቦ መሆኑን፣ ቱቦውን ከሞተሩ ጋር የምታያይዘው ፕላስቲክ በመንገጫገጭ መውለቋን አስረዱ። ብሎን የላትም፣ መፍቻም አትፈልግም፤ ገጥሞ “ቀጭ” እስክትል መጫን ብቻ ነው፤ “የግማሽ ደቂቃ ሥራ ናት” ብለው እጃቸውን ሰደዱ።

ሊቀ መንበሩ እጃቸውን እንዲመልሱ አሳሰቡ። ጥቅምት ላይ ኮሚቴው “ማንኛውም የመኪና አካል ያለ ኮሚቴው ውሳኔ አይነቀልም፣ አይገጠምም” ብሎ መወሰኑንም አስታወሱ።

አቶ ሞላ “የነቀላት ዳገቱ ነው፤ እሱን ጠይቁልኝ” አሉ። ሊቀ መንበሩ ዳገቱ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ስላልሆነ ሊጠየቅ እንደማይችል መለሱ።

ወ/ሮ ስርጉት ዕቃዋ በምን ስም ትመዝገብ ሲሉ ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ “ፈጣን ማያያዣ” አሉ። ወ/ሮ ስርጉት “ፈጣን ከሆነች ታዲያ እኛ ምን አቆመን?” አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ “ለጊዜው የዘገየች ፈጣን ማያያዣ” ተብላ እንድትመዘገብ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። የተቃወሙት ዶ/ር ትሕትና ናቸው።

አጀንዳ 2፦ ማን ይጫናት?

ሊቀ መንበሩ፣ የሚጫናት ሰው አስቀድሞ ቅጽ ላይ መፈረም እንዳለበት፣ ቅጹ ግን ቢሮ እንደቀረ ገለጹ። ለጊዜው ቱቦው በወ/ሮ ስርጉት ነጠላ ይታሰር የሚል ሐሳብም አቀረቡ። ወ/ሮ ስርጉት ነጠላቸው በሞዴል 19 ንብረት ክፍል ገቢ ካልሆነ ከትከሻቸው እንደማይወርድ ተናገሩ። ሊቀ መንበሩ አሠራሩን በማወቃቸው አመሰገኗቸው።

ዶ/ር ትሕትና፣ በሳጥኑ ያለው በረዶ ከቀለጠ ክትባቱ ከውሃ እንደማይሻል፣ ላይኛው መንደር ባለፈው ሳምንት ብቻ አሥራ አንድ በግ መሞቱን ተናገሩ። ሊቀ መንበሩ ጉና ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ክትባቱ እንደማይቸኩል ገለጹ። ዶ/ር ትሕትና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው “ክትባቱ ባይቸኩል በሽታው ይቸኩላል!” አሉ። በአስተያየትነት ተይዟል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቅጹን ለማምጣት መኪናው ወደ ደብረ ታቦር እንዲመለስ ተወሰነ። አቶ ሞላ “በየትኛው መኪና?” ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ድምፅ ከሌለው ሰው የመጣ ስለሆነ አልተመዘገበም።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ

በዚህ መካከል ወ/ሮ ፈንታነሽ የተባሉ የላይኛው መንደር እናት በቅሏቸውን እየሳቡ ወረዱ። አንገታችንን ደፍተን ሞተሩን ከበን ቢያዩን “ምነው ልጆቼ፣ ሰው ሞተባችሁ እንዴ?” አሉ።

ሊቀ መንበሩ “የለም እማማ፣ ስብሰባ ላይ ነን” አሉ።

“እኔስ ክትባት ይመጣል ብላችሁኝ በጎቼን ከማለዳ ጀምሮ በረት ዘግቼባቸዋለሁ። የጎረቤቴ መንጋ ዓይኔ እያየ አለቀ። ከነሱ ሌላ ምን አለኝ?”

ዶ/ር ትሕትና ማንንም ሳያስፈቅዱ ሳጥኑን አውርደው በቅሎዋ ላይ ጫኑ። ሊቀ መንበሩ ለበቅሎ የስምሪት ወረቀት አልተሰጠም ቢሉ፣ ዶ/ር ትሕትና “በቅሎዋ የኮሚቴው አይደለችም” ብለው ከእናታችን ጋር ዳገቱን ተያያዙት። ጸሐፊው መታጠፊያው እስኪሰውራቸው ድረስ አያቸው። በዚህ ጊዜ ማፈሩ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍርለት ጠየቀ፤ የተቃወመ ስለሌለ ሰፍሯል።

አጀንዳ 4፦ ለዶ/ር ትሕትና ስለሚሰጥ ማስጠንቀቂያ

ሊቀ መንበሩ ጀርባቸውን ለመኪናው ሰጥተው ደብዳቤውን ቃል በቃል ሲያጽፉ፣ ከኮፋኖው ሥር “ቀጭ” የሚል ድምፅ ተሰማ። ዞረው አቶ ሞላን አዩ፤ አቶ ሞላ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሁለቱም እጆቻቸው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ናቸው። ወ/ሮ ስርጉት ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ሊቀ መንበሩ “አንተስ ተስፋነህ፣ የት ነበርክ?” አሉ። ጸሐፊው “እዚሁ ነኝ ጋሼ” አለ። በዚህ ገጽ ላይ የሚታየው ጥቁር የጣት አሻራ የእሱ ነው።

መኪናው በአንድ ቁልፍ ተነሣ። ሊቀ መንበሩ ኮፋኖውን በራሳቸው እጅ ዘግተው “ግቡ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?” አሉ።

መንደሩ ስንደርስ ዶ/ር ትሕትና መርፌ ይዘው፣ በግ የሚይዝላቸው ሰው አጥሯቸው አገኘናቸው። ሊቀ መንበሩ ኮታቸውን አውልቀው በረት ገቡ። ማንም አላዘዛቸውም። እስከ ቀኑ 9፡00 ሁለት መቶ አሥራ አራት በግ ተከተበ። በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው፣ በአጀንዳ 4 የተጀመረው ማስጠንቀቂያ፣ የጥቅምቱም ውሳኔ ጭምር፣ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። አቶ ሞላም ድምፅ ሰጥተዋል። ስብሰባው ከቀኑ 9፡20 በረት ውስጥ ተጠናቀቀ።

ሊቀ መንበሩ በሁለት እጃቸው አንድ የማይገራ ሙክት አንቀው ይዘው ስለነበር ቃለ ጉባኤው ተነቦላቸው ራሳቸውን በመነቅነቅ አጽድቀዋል፤ ፊርማቸው ሙክቱ ሲለቃቸው ይሞላል።