እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ

ጋሼ ኦርቪል በሆዳቸው ተኝተው ከታጣፊ የካምፕ ተጎታቼ ሥር ገብተዋል። ከውጭ የሚታየኝ የቦት ጫማቸው ሶል ብቻ ነው።

«ይኸው ገባ!» አሉ ከሥር። «ኩርት፣ ስንተኛው ነው?»

«ዘጠነኛ።»

«አንተ እኮ ያለህ ተጎታች አይደለም፤ ወንፊት ነው።»

የገባው እርሳሳቸው ነው። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ አይጥ ያስገባል ይላሉ። ስለዚህ ጥቅምት በመጣ ቁጥር እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አውርደው የመንደሩን ተጎታቾች ሆድ ይመረምራሉ። እርሳሱ በገባበት ሁሉ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይጠቀጥቃሉ። ማንም አልለመናቸውም።

በሰሜን ዊስኮንሲን አንድ ኦርቪል የሌለበት መንደር የለም። ካለም ቧንቧው ሁሉ በበረዶ ፈንድቷል። ሌላው ሰው ይህን ጎማ ያለው ድንኳን የሚገዛው በሙቀቱ ወራት ሐይቅ ዳር ወስዶ፣ ጣሪያውን አንሥቶ፣ ሸራውን ዘርግቶ ሊተኛበት ነው። ክቡር አቶ ኦርቪል የገዙት ግን ለበረዶ ሊያዘጋጁት ይመስለኛል። ውሃውን አንጠፍጥፈው፣ በረዶ እንዳይሠራ የሚጨመረውን ሮዝ ፈሳሽ በቧንቧው ሰድደው፣ ባትሪውን ነቅለው እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ወደ ቤት ሲገቡ ፊታቸውን ያየ፣ ሐይቁ ሰበብ እንደነበር ይገባዋል።

«በረዶ ምክንያት አይሰማም» ይላሉ። ሁለተኛው ቃላቸው «እርጥብ ያጠፈ ሻጋታ ይዘረጋል» ነው። በዚህኛው ቃል የተነሣ የሚስታቸው እህት ሠርግ አምልጧቸዋል። ሸራውን ዝናብ ስላራሰው እስኪደርቅ ሦስት ቀን ሐይቅ ዳር ጠበቁ። ሸራው ደረቀ። ሙሽሮቹ ለጫጉላ ፍሎሪዳ ገቡ።

ጎረቤታችን ሬይመንድ የተቀበረ ዕለት የባለቤቱን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው «አይዞሽ ጆይስ» አሏት። ቀጠሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ውሃውን አንጠፍጥፎት ነበር?» አላንጠፈጠፈም። ከቀብር መልስ ክቡርነታቸው በጥቁር ሱፋቸው ከሬይመንድ ተጎታች ሥር ገቡ።

ኩራታቸው መሠረት አለው። ጋራዣቸው ውስጥ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የተጻፈበት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ 31። ሠላሳ አንድ ዓመት በረዶ፣ አይጥ ዜሮ። ከሌላ መንደር እንግዳ ሲመጣብን ወስደን እናሳየዋለን። እነሱ ጋ ትልቁ ቁጥር አራት ነው።

ተጎታቾቻችን የሚከርሙት በወረዳው የትርዒት ሜዳ፣ በከብቶቹ በረት ውስጥ ነው። ነሐሴ ላይ ላሞች የተሸለሙበት በረት ይጠረግና እስከ በሩ ድረስ በተጎታችና በጀልባ ይጠቀጠቃል። በጥቅምት የመጨረሻ ቅዳሜ ልክ ቀትር ላይ ይቆለፋል፤ እስከ ሚያዝያ አይከፈትም። መጀመሪያ የገባ መጨረሻ ይወጣል። ስለዚህ ኦርቪል ሁልጊዜ መጨረሻ ይገባሉ። የበሩ ሥር ቦታ የሳቸው ነው። የትም አልተጻፈም፤ ሁሉም ያውቃል።

የኔ ጉድ የወጣው በሩ ሊቆለፍ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ዘጠኙ ቀዳዳ ተደፍኖ ካበቃ በኋላ ነው። ጣሪያውን አስነሡኝ። አሸተቱ።

«መስከረም ላይ እርጥቡን ነው ያጠፍከው።»

«ልጆቹ ትምህርት ነበራቸው፣ ቸኩለን…»

«በረዶ ምክንያት አይሰማም። እኔም አልሰማም። ወደ ጋራዤ ጎትተው።»

ደርቆ፣ ታጥፎ፣ ዝግጅቱ ያለቀውን የራሳቸውን ተጎታች ከጋራዡ አውጥተው የኔን አስገቡ። ውጭ ሁለት ቀን ዘነበ። ውስጥ ክቡርነታቸው ሻጋታውን በኮምጣጤ ፈተጉ፤ ሁለት ማራገቢያና አንድ ማሞቂያ ደገኑበት። እኔ ባልዲ ያዝኩ።

ቅዳሜ ለቀትር ሩብ ሰዓት ሲቀረው በረቱ በር ላይ ደረስን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ እያንዳንዳችን ተጎታቻችንን ይዘን። በሩን የምትጠብቀው ሎይስ መዝገቧን በእጇ ይዛ ቆማለች።

«አንድ ቦታ ብቻ ነው የቀረው» አለች። «አንዱ ያመጣው ጀልባ ካስመዘገበው በሁለት ሜትር ይረዝማል። ኦርቪል፣ ቦታህ አለ፤ አስገባ። ኩርት፣ አዝናለሁ።»

ኦርቪል ሰማዩን አዩ። ከዚያ መጥተው የተጎታቼን ክዳን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«የሱን አስገቢ።»

«ቦታው ያንተ ነው እኮ!»

«ይሄኛው ከበሽታ ገና መነሣቱ ነው። ውጭ አይከርምም። የኔ ጤነኛ ነው።»

«ጋሼ ኦርቪል፣ ይሄማ አይሆንም» አልኩ።

«አንተ ዝም በል። ዘጠኝ ቀዳዳ ይዞ የመጣ ሰው አይናገርም።»

«አይጡስ፣ ኦርቪል?» አለች ሎይስ። «ሠላሳ አንዱስ?»

«ሎይስ፣ ቀትር ደርሷል» አሏት። «በርሽን ዝጊ።»

ተጎታቻቸው ጓሯቸው ውስጥ፣ ከማገዶው ክምር አጠገብ፣ ላስቲክ ለብሶ ከረመ።

ሚያዝያ ላይ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው የኔ ነበር። አይጥ ዜሮ። በሳቸው ተጎታች ውስጥ፣ ሸራውን በልተው የገቡ ሰባት አይጦች ተገኙ።

ኦርቪል በዚያው ቀን 31ን አጥፍተው 32 ጻፉ። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «የኩርት» የሚል ጨመሩበት።