የአቶ ወልደአማኑኤል ትክክለኛ ሰዓት

አራሚ የሌለው መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተከፈተም። ተከፍቶም ከሆነ አንዱ «አልተከፈተም» ብሎ አርሞታል። አራሚ ማለት የተንጋደደ ነገር አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ያቃናል፣ የሰው ወሬ ያቃናል፣ ታሞ ሐኪም ዘንድ ሲሄድም መጀመሪያ ሐኪሙን ያቃናል። ደመወዝ የሚከፈለው ለሌላ ሥራ ነው፤ እርማቱን የሚሠራው በነጻ፣ ለወገን ሲል ነው።

ጅግጅጋ ውስጥ፣ ከከብት ገበያው አለፍ ብሎ ባለ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት፣ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ወልደአማኑኤል ናቸው። አያታቸው በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እሳቸውም ጅግጅጋ ተወልደው ያደጉ፣ ሶማሊኛን እንደ አማርኛ የሚያቀላጥፉ ሰው ናቸው። ሌባ ጣታቸውን ቀና አድርገው «እርማት አለኝ» ካሉ ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን ያቆማል። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራው አጎት የዘር ሐረጋቸውን ከአባት ወደ አያት እየቆጠሩ ሲወጡ ያች ጣት ተነሣች። «እርማት አለኝ። አንድ አያት ዘለሉ።» ሽማግሌው ተቆጥተው እንደገና ቆጠሩ። እውነትም ዘለው ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤተሰብ ድግስ ሲኖር አቶ ወልደአማኑኤል የሚቀመጡት ከቆጣሪው አጠገብ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ክቡርነታቸውን እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰዓት ነው። ጠዋት ከዘበኛው ቀጥሎ ይገባሉ፤ የግድግዳውን ሰዓት ከእጃቸው ሰዓት ጋር ያስተያያሉ፤ ወንበር ላይ ወጥተው ያስተካክላሉ። ሻይ የምታፈላዋ ዐርዶ እንኳ «ሰዓቱ ትክክል ነው፣ አይውጡ» ብላ አስጥላቸው አታውቅም።

ዑባህ ይህን ሁሉ የተረዳችው ዘግይታ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ከደገሀቡር ቅርንጫፍ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ከተዛወረች ገና ብዙ አልቆየችም። ዝውውሩን ለምና ያገኘችው ለእናቷ ብላ ነው። እናቷ ኩላሊታቸውን ያማቸዋል፤ የሚከታተላቸው ሐኪም ያለው ጅግጅጋ ነው፤ መንገዱን ደግሞ ከእንግዲህ አይችሉትም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዐብዲወሊ ታዲያ አዳዲስ ኮምፒውተሮች አስረክቧት፣ «እስከ ሐሙስ ሁሉም ዶሜይን ውስጥ ይግቡ፤ ካልሆነ ዋላሂ ወደ ደገሀቡር እመልስሻለሁ» አላት። የሚቀልድ ሰው አይደለም።

ዶሜይን ምን እንደሆነ አቶ ወልደአማኑኤል ጠይቀዋት ነበር። «እንደ ዕድር ነው» አለቻቸው። «ሰርቨሩ ሊቀመንበሩ ነው። እሱ መዝግቦ ያልተቀበለው ኮምፒውተር አባል አይሆንም።»

«እርማት አለኝ» አሉ። «ዕድር ጸሐፊም አለው።»

ኮምፒውተሮቹ ግን አባል አንሆንም አሉ። ዑባህ ገመዱን ነቅላ ሰካች። አድራሻውን አየች። ሰርቨሩን የሚጠይቁት በትክክለኛው መንገድ መሆኑን አጣራች። አጥፍታ አበራች፤ ይህ ምንም ባይፈይድ ልብ ያሳርፋል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚመልስላት አንድ ነገር ነው፦ በእኔና በሰርቨሩ መካከል የጊዜ ልዩነት አለ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል። የእጇን አየች፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ። የግድግዳውን አየች፤ እሱማ ከማንም በላይ ትክክል ነው። «የምን ልዩነት?» አለች። በዚህ አገር ተወልዶ፣ ጠዋት ላይ ሦስት ሰዓት የሚልን ሰዓት አይቶ የሚደነግጥ ሰው የለም።

ሰርቨሩ በሥራ አስኪያጁ ዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ስክሪን ሳይኖረው የሚኖር ሣጥን ነው። ቸግሯት አንድ ስክሪን ተሸክማ ሄዳ ሰካችበት። ዘጠኝ ከሩብ ይላል። ዓመተ ምሕረቱ ደግሞ ሁለት ሺህ ሃያ ሦስት። ተመልሳ አዲሶቹን ብታይ ሁሉም ሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ላይ ናቸው። አንድ ሰው ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም አገራችን አምጥቶታል። ሰርቨሩ በፈረንጅ ዘመን፣ ኮምፒውተሮቹ በእኛ ዘመን ሆነው እንዴት ይገናኙ?

ፋብሪካው ይሆናል የተሳሳተው ብላ ሁሉንም ወደ ፈረንጁ መለሰቻቸው። ጨርሳ ልታስገባቸው ስትል መብራት ሄደ። ግድ የለም፣ ጠዋት አለቃዬ ፊት አስገባቸዋለሁ አለችና ደስ ብሏት ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ዐብዲወሊን ጠርታ አጠገቧ አቆመችው። የመጀመሪያው ኮምፒውተር የጊዜ ልዩነት አለ አለ። ሁለተኛውም አለ። ሦስተኛውን ዐብዲወሊ አልጠበቀም፤ «ሃዬ» ብሎ ወጣ። ሃዬ እሺ ማለት ነው፤ እሱ ሲለው ግን እሺ አይመስልም። ትንሽ ቆይቶ ከጸሐፊዋ ክፍል የኪቦርዱ ድምፅ መጣ። ዑባህ ምን እየተጻፈ እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ለእናቷ ምን ብላ እንደምትነግራቸው ጨንቋት አለቀሰች።

በማግስቱ ዘበኛው በሩን ሲከፍት ገባች። ኮምፒውተሮቹን ማታ እንደገና አስተካክላ፣ ሳታስገባቸው ዘበኛው ሊዘጋ ነው ብሎ አስወጥቷት ነበር። አቶ ወልደአማኑኤል መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ከወንበር ወንበር ይዘዋወራሉ።

«አዴር፣ ምን እየሠሩ ነው?» አለች። በሶማሊኛ አጎቴ ማለቷ ነው፤ ከመጣች ጀምሮ የምትጠራቸው እንዲሁ ነው።

«እነዚህ ዕቃዎች ሲመጡም ብልሽት አለባቸው፣ ልጄ። ስድስት ሰዓት ይቀድማሉ። ማታ ማታ ይበላሻሉ፣ ጠዋት ጠዋት አርማቸዋለሁ። ዓመቱንማ ተዪው።»

ዑባህ ልትጮኽ ነበር። የሚያደርጉት ለእሷ ሥራ እንዲቀል ብለው እንደሆነ ፊታቸው ላይ ሲታያት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አዴር፣ ማታ የማበላሸው እኔ ነኝ» አለች። «ሰርቨሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከእሱ ጋር ካልተስማሙ አይቀበላቸውም።»

«እርማት አለኝ። መስማማት ያለበት እሱ ነው እንጂ! አገሩ የማን ነው?»

«ልክ ነዎት። ግን የዝውውር ደብዳቤ የሚጻፈው በእኔ ላይ ነው፤ በሰርቨሩ ላይ አይደለም።»

ጣታቸው ወረደች። «ቀጥዪ» አሉና ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። እሷ ሰዓቱን ስታበላሽ እሳቸው እንደ ጥርስ ሕመምተኛ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ኮምፒውተሮቹ ግን አንድ በአንድ እንኳን ደህና መጣችሁ ተባሉ። ስታበቃ አቶ ወልደአማኑኤል የልማድ ነገር ሆኖባቸው አንዱን ሰዓት ነካ አደረጉ። ኮምፒውተሩ «ለመለወጥ ፈቃድ የለዎትም» አላቸው። መነጽራቸውን አወለቁና ወደ መዝገብ ቤታቸው ገቡ። ዑባህ ባሸነፈችበት ጠዋት ከፋት።

ዐብዲወሊ መጥቶ አየ። «ዋላሂ ገብተዋል!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ትዝ አለውና ሳቁን አቆመ። «ደብዳቤው ደርሶሻል እንዴ?»

አልደረሳትም። ተከታትለው መዝገብ ቤት ሄዱ። አቶ ወልደአማኑኤል አንድ ፋይል ከፍተው ደብዳቤውን አወጡ። ቁጥር የለው፣ ማኅተም የለው።

«ትናንት ለምን አልወጣም?» አለ ዐብዲወሊ።

«እርማት አለኝ። ደብዳቤው የተጻፈው በሁለት ሺህ ሃያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። አሁን ሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ነን። ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል፣ ጌታዬ። ቀኑ ሲደርስ ቁጥር ሰጥቼ፣ ማኅተም መትቼ አወጣዋለሁ።»

ዐብዲወሊ ደብዳቤውንም ሰውዬውንም ተራ በተራ አየ። «ሃዬ» አለ፤ አሁንስ እሺ ይመስላል። «ቀኑ እስኪደርስ ይቆይ።»

እሱ ሲወጣ ዑባህ ቀረች። የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ሁልጊዜም የሚጽፈው የፈረንጁን ዓመት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ከዚያ ቤት የወጣ ደብዳቤ ሁሉ ዓመተ ምሕረቱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ በአቶ ወልደአማኑኤል እጅ ተስተካክሎ፣ በዕለቱ ይወጣል። ከደገሀቡር ያመጣት ደብዳቤም ያ ቀይ መስመር አለበት። ይኸኛው ግን ንጹሕ ነው።

«አዴር፣ ይሄንን ለምን አላረሙትም?»

አቶ ወልደአማኑኤል መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ያዙ። «ስህተቱን አላየሁትም» አሉ።

ዑባህ እንዲህ የተንጋደደ ውሸት ሰምታ አታውቅም። አላረመችውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁሉም ኮምፒውተር ዶሜይን ውስጥ ነው፤ በመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካለው፣ እሷው መልሳ ካስወጣችው ከአንዱ በቀር። ዐብዲወሊ ሲጠይቃት «ችግሩ እየተጣራ ነው» ትላለች። ማታ ስትወጣ ጎንበስ ብላ ሰዓቱን ታበላሸዋለች፤ አንዳንዴ ስድስት ሰዓት፣ በዓል ሲሆን ደግሞ ዓመቱንም ጨምራ። ጠዋት ስትገባ ሁለት ሰዓት ተኩል ብሎ ይጠብቃታል፣ አቶ ወልደአማኑኤልም አጠገቡ ሻይ ይጠጣሉ።